የቄጤማ ሜዳ ገና

የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ገና ከመድረሱ በፊት አብረን ምሳ እንብላ ብለው ጉርድ ሾላ አካባቢ አዲስ ወደተከፈተ የባህል ምግብ ቤት ባይወስዱኝ ኖሮ ይህን ሁሉ አላወራም ነበር። በሩ ላይ የፕላስቲክ ጥድ ቆሟል፤ ጥዱ ላይ ጥጥ ተበትኖበታል፤ በረዶ መሆኑ ነው። እኛ አገር በረዶ የሚጥለው በክረምት ነው፤ ሲጥልም ጎመን ይፈጃል እንጂ ጥድ ላይ ተኝቶ ፎቶ አይነሳም። ይሁን፣ እሱን አለፍኩት። የጾም በያይነቱ አዘን፣ እጃችንን ታጥበን ስንቀመጥ ግን ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ፣ በሰፌዱና በዋንጫው መሃል፣ አንድ የገና ዱላ ተሰቅሎ አየሁ። የተሰቀለው ተገልብጦ ነው፤ ሩር የሚመታበት ቆልማማው ጫፍ ወደ ላይ፣ መያዣው ወደ ታች፤ ቆልማማው ላይ ደግሞ ቀይ ሪባን አስረውበታል። አስተናጋጁን ጠርቼ "ይኼ ምንድን ነው?" ስለው በትሕትና ጎንበስ አለና "ከዘራ ነው እህቴ፤ የድሮ ሽማግሌዎች ከዘራ። ለዲኮር ነው" አለኝ።

ከዘራ! ደሜ ፈላ። ልጁ ምን ያድርግ፣ ያላየውን ከየት ያምጣው፤ የሰቀለውን ሰውዬ ግን ባገኘው ደስ ይለኝ ነበር። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ አጠገቤ የተቀመጠችው ጓደኛዬ ክንዴን ይዛ "ምን ነካሽ በሞቴ፣ ለእንጨት ነው እንዲህ የምትሆኚው?" አለችኝ። አዎ፣ ለእንጨት ነው። ለእንጨትና ለሜዳ። የሜዳው ነገር እስከ ዛሬ አልበረደልኝም፤ እንዲበርድልኝም አልፈልግም።

እኛ ያደግነው ከየካ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ሥር፣ አስፋልቱ አልቆ ኮረቱ፣ ኮረቱም አልቆ ጭቃው በሚጀምርበት፣ ባለታክሲ በልመና እንኳ በማይገባበት ሰፈር ነው። ከቤታችን ከፍ ብሎ፣ ባሕር ዛፉ ከመጀመሩ በፊት፣ ቄጤማ ሜዳ የምንለው ሰፊ መስክ ነበር። በክረምት ውሃ ይተኛበትና ቄጤማው ይበቅላል፤ እናቶቻችን ለእንቁጣጣሽ የሚጎዘጉዙትን ከዚያ ያጭዳሉ፤ ኅዳር ሲገባ ደግሞ ውሃው ይሸሽና መሬቱ ደርቆ፣ ሳሩ አጥሮ፣ እግር ሲረግጠው ድም ድም የሚል ለሩጫ የተመቸ ሜዳ ይሆናል። የሚግጡበት ላሞች የአባባ ወርዶፋ ነበሩ። አባባ ወርዶፋ ከተማው መጣባቸው እንጂ ወደ ከተማ የመጡ ሰው አይደሉም፤ አያታቸውም እዚያው ሜዳ ላይ ከብት አግደዋል፤ እኛን ሁላችንን፣ ሽበት ያወጡትን አባቶቻችንን ሳይቀር፣ ትናንት ማታ እንደመጣ እንግዳ ነበር የሚያዩን፣ በደግ ዓይን ቢሆንም።

የዓመቱ በዓል ሁሉ የሚያልቀው እዚያ ነበር። ለቡሄ ወንዶቹ ከቃጫ ጅራፍ እየገመዱ ያጮሁበታል፤ ድምፁ እንጦጦ ደርሶ ይመለስና የሰፈሩን ውሻ ያሳብዳል። ጳጉሜ ላይ፣ የሩፋኤል ዕለት፣ የሚዘንበው ዝናብ ጠበል ነው፣ ልጅ ያሳድጋል ስለሚባል ሰማዩ መጥቆር ሲጀምር ልብሳችንን እየወረወርን ራቁታችንን እንወጣና አሳድገኝ አሳድገኝ እያልን ሜዳውን እንዞረዋለን። ከደቡብ መጥተው ቸርች የሚያገለግሉት ጎረቤታችን ልጆቻቸውን ለሆያ ሆዬ አይለቁም፤ ለሩፋኤል ዝናብ ግን "ዝናብ እንኳ ለሁሉም ነው" ብለው በሩን ይከፍቱላቸው ነበር። ልጆቻቸው ከእኛ ሁሉ በልጠው ረዘሙ፤ እሱም ራሱ ሲያናድደን ኖረ።

ገና ግን ሌላ ነው። ገና የትልልቆቹ ነበር። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ተመልሶ፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ፀሐይ ከአናት ስታዘነብል፣ ወንድ የተባለ ሁሉ ዱላውን ይዞ ወደ ሜዳው ይወጣል። ያገቡ በአንድ ወገን፣ ያላገቡ በሌላ ወገን። ሩሯ ከወይራ ሥር የተጠረበች ድቡልቡል እንጨት ናት፤ እሷን እየመቱ ከባላጋራ ወሰን ማሻገር ነው ጨዋታው፤ በመሃል የሚያገኘው ቅልጥምም ይሁን ቁርጭምጭሚት የራሱ ጉዳይ ነው። ሌላው የሜዳችን ሕግ ደግሞ የተቆጣ ይወጣል የሚል ነው። ማንም ይሁን ማን፣ የመታው ተከራዩም ይሁን ታናሽ ወንድሙ፣ ፊቱን ካጠቆረ ዱላውን ለአባባ ወርዶፋ ያስረክብና ዳር ወጥቶ ከጥጆቻቸው ጋር ይቀመጣል። ዓመቱን ሙሉ በጎማ ሲገርፈን የሚከርመው የትምህርት ቤታችን ዩኒት ሊደር አንድ ገና ላይ እዚያ ሲቀመጥ፣ ጥጃዋም የኮቱን እጅጌ ስትልሰው፣ እኛም አፋችንን በእጃችን ይዘን ስንንፈራፈር ትዝ ይለኛል። ለአንድ ከሰዓት በኋላ ሰው ሁሉ ሰው ብቻ ነበር።

አባዬም ይጫወታል። አባዬን ለማያውቀው ሰው ይህ ምንም ላይመስል ይችላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ነበር የሚሠራው፤ ቤት ሲገባ ሬዲዮው ራሱ ድምፁን የሚቀንስ ይመስለኝ ነበር። ሳይጠየቁ መናገር የለም፤ ገበታ ላይ መሳቅ የለም፤ በዓይኑ ካየሽ በቃ፣ ዱላም አያስፈልገውም። ገና ሲደርስ ግን ከአልጋው ሥር ያቺን የነተበች የወታደር ቁምጣውን ያወጣል፣ ቀጫጭን እግሮቹን ይዞ ይወጣል፤ ሜዳው ላይ ሲሮጥ፣ ሲወድቅ፣ ሲፎክር ሳየው "የእኛ አባት ነው?" እያልኩ እገረም ነበር። ያን አባት ቤት ውስጥ አግኝቼው አላውቅም። እሱን ለማግኘት ሜዳው መግባት ነበረብኝ።

ሴት ልጅ ደግሞ አትገባም። ለእኛ የተፈቀደልን ውሃ ማቀበልና እልል ማለት ነበር። እልልታዬ እንኳ አያምርም። አንጀቴ እያረረ፣ ከጓሮ በአባዬ አሮጌ ዱላ የጨርቅ ኳስ ስመታ እውላለሁ፤ ሾላ ገበያ በርበሬና ቅመም የምትሸጠው እናቴ ከገበያ ስትመለስ ታየኝና "ሴት ልጅ ዱላ ይዛ! የሾላ ሰው ምን ይለኛል?" ብላ ትጮኻለች። የሾላ ሰው በርበሬውን ይግዛ፣ በእኔ ምን አገባው?

ሚሊኒየሙ ሊመጣ ነው የሚባልበት፣ ኢንቨስተር የሚለው ቃል ወደ ሰፈራችን አፍ መግባት የጀመረበት ዘመን ነበር። በአንዱ ገና ያላገቡት ወገን አንድ ሰው ጎደለበት፤ የእነሱ ጎበዝ ጌታሁን የሚባለው መካኒክ ባለፈው ጥር አግብቶ ስለነበር በሕጉ መሠረት ወደዚያኛው ወገን ተሻገረ። ሲሻገር ያላገቡት እንደ ሙሽራ ዘፈኑለት፣ እንደ ከሃዲም ጮኹበት። ከዚያ አንድ ሰው የት ይገኝ እየተባለ ሲፈለግ፣ እኔ የውሃውን ጆግ መሬት ላይ አስቀመጥኩና "እኔስ? እኔም እኮ አላገባሁም!" አልኩ። ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። አንዳንዱ "ሴት ናት"፣ አንዳንዱ "ልጅ ናት"፣ አንዳንዱም "ጉድ እኮ ነው!" ሲል አባባ ወርዶፋ ሜዳው ዳር ካለው የድንጋይ ካብ ላይ እንደተቀመጡ ዱላቸውን አነሱ። "ሕጉ ያገባና ያላገባ ነው የሚለው። ይህች ልጅ አግብታለች የሚል ሰው ካለ ይምጣና ይናገር" አሉ። ማንም አልመጣም። አባዬን አየሁት፤ ወደ መሬት እያየ ቁምጣውን ያጠብቅ ነበር።

ገባሁ። መጀመሪያ ላይ ሩሯን በዓይኔም አላገኘኋት፤ አቧራው፣ ጩኸቱ፣ የዱላው ኳኳታ፣ ያ ሁሉ ጠረን፣ የተረገጠ ሳርና የዶሮ ወጥ ያለበት የሰው ላብ። ከዚያ ድንገት እግሬ ሥር መጣች። ባለ በሌለ ኃይሌ ሰነዘርኩ፤ በዚያው ቅጽበት አንድ እግር ከፊቴ ገባ፣ ዱላዬም ሩሯን ትቶ ያን እግር ቋ አደረገው። ቀና ስል አባዬ ነው። በአንድ እግሩ እየዘለለ፣ ቅልጥሙን በሁለት እጁ ይዞ፣ ያን ዓይኑን፣ የቤቱን ዓይን፣ አፈጠጠብኝ። እኔ ዱላዬን መጣልም መሮጥም አቅቶኝ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያ የአባዬ ፊት ከአፉ ጥግ ጀምሮ መፈታት ጀመረ፤ ሳቀ። የአባቴን መንጋጋ ጥርስ ያየሁት ያኔ ነው፤ ከኋላ አንዱ ወልቋል፣ አላውቅም ነበር። "ኧረ ይህችን ማን ወለዳት!" ብሎ እየጮኸ ሳሩ ላይ ተዘረጋ። ትንሽ ቆይቶ እሱም በተራው ባቴን አገኘልኝ፤ እንባዬ እስኪመጣ አመመኝ፣ ከዚያ ቀን በፊት የዚያን ያህል ደስ ብሎኝ አያውቅም። ማታ ገበታ ሲቀርብ አጠገቡ ያለውን በርጩማ በእጁ መታ መታ አደረገና "ነይ አንቺ፣ እዚህ ተቀመጪ" አለኝ።

ከዚያ ገና እስከሚቀጥለው ገና ድረስ ያለው ዓመት ለእኔ መጠበቂያ ብቻ ነበር። አባዬ ቤት ውስጥ ያው አባዬ ነው፤ ግን አንዳንዴ በአጠገቤ ሲያልፍ እግሩን እያሻሸ የውሸት ያነክሳል፣ እኔም ሳቄን ለመዋጥ ፊቴን አዞራለሁ። ታኅሣሥ ሲገባ ለብቻዬ አስነሳኝና እንጦጦ ይዞኝ ወጣ። ባሕር ዛፉን አልፈን፣ ገደሉ ጠርዝ ላይ ከቀሩት ጥቂት ወይራዎች አንዷ ጋ ደርሰን፣ ጫፉ የተቆለመመ ቅርንጫፍ ስንፈልግ ብዙ ቆየን፤ ወርቅ የሚፈልግ ሰው እንኳ እንደዚያ አያማርጥም። ደን ጠባቂው መጥቶ ሲያፈጥጥብን አባዬ "ለገና ነው" አለው፤ ሰውየውም "ለገና ከሆነ እኔ አላየሁም" ብሎ ጀርባውን ሰጠን። ቤት መጥቶ በትኩስ አመድ ውስጥ ቀብሮ አለሳለሰው፣ በጉልበቱ ይዞ አጎበጠው፣ ልጦ በዘይት አሸልኝ። በእኔ ቁመት ልክ ነው። በሕይወቴ ከአባቴ ከተሰጠኝ ነገር ሁሉ ለእኔ ተብሎ የተሠራ እሱ ብቻ ነው፤ የቀረው የታላቅ እህቴ ቅያሪ ነበር።

ገና ሊደርስ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ቆርቆሮው መጣ። በጭነት መኪና መጥቶ፣ ሰዎች ግንድ ሲተክሉና ሚስማር ሲመቱ ሰንብተው፣ ቄጤማ ሜዳ ዙሪያውን ታጠረ። ሽማግሌዎች ሄደው ጠየቁ፤ ከበዓል በኋላ ተመለሱ ተባሉ። የገና ዕለት ግን ሰው አልቀረም። ዶሮው ተበላ፣ ቁምጣው ተለበሰ፣ ሁሉም ዱላውን ይዞ ወጣ፤ እስከ ዛሬ የማይገባኝ ይህ ነው፣ ሁሉም ዱላውን ይዞ ነው የወጣው። እዚያ ስንደርስ በቆርቆሮው በር ላይ አንድ ከሲታ ዘበኛ ቆሟል፤ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት የመጣ ነው የተባለ ኮት የለበሰ ሰውዬም አብሮት ነበር። "ወገኖቼ፣ አትቆጡ" አለ ሰውዬው እጁን እያርገበገበ። "ቦታው ለልማት ነው የተፈለገው። ኢንቨስተር አለው። ለጨዋታ ሌላ ቦታ ይፈለጋል።"

አትቆጡ! እዚያ ሜዳ ላይ አትቆጣ የሚልህ ሰው የራሱን ቅልጥም ለአንተ ዱላ አጋልጦ ነበር የሚልህ። ይኼ ሰውዬ ምኑን አጋለጠ? አባባ ወርዶፋ ላሞቻቸውን እንደነዱ መጥተው "ከብቶቼስ በየት ይግቡ?" ሲሉት "አባባ፣ እሱን ቢሮ መጥተው ያናግሩን" አላቸው። ቢሮ! እዚያ ሜዳ ላይ ለተወለዱ ሰው! እኒያ ደም እስኪፈስ እርስ በርስ ሲፋለጡ የኖሩ ወንዶች፣ ጌታሁንም፣ ዩኒት ሊደሩም፣ አባዬም፣ ዱላቸውን እንደ ጃንጥላ ተደግፈው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር። አንድ ሰው ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ። ከዚያ ግርግሩን ሰንጥቄ ገባሁና በአዲሱ ዱላዬ ቆርቆሮውን መታሁት። ድምፁ ከእንጦጦ ተመለሰ። ደገምኩት። ሦስተኛውን ልሰነዝር ስል ዘበኛው ክንዴን ይዞኛል፤ ሰውዬው ደግሞ ከኪሱ እስክሪብቶ እያወጣ "የማን ልጅ ናት ይህች?" አለ።

አባዬ መጣ። ዱላዬን ከእጄ ነጠቀና ከቆርቆሮው በላይ ወደ ውስጥ ወረወረው፤ ሳሩ ላይ ሲያርፍ ሰማሁት። "የእኔ ናት" አለ። "ልጅ ናት፣ አታውቅም። ይቅርታ አድርጉልን።" ይቅርታ! አንገቱን ሰበር አድርጎ ነው ያለው፤ እኔን ያን ያህል ዘመን በዓይኑ ብቻ ሲያንቀጠቅጠኝ የኖረው ሰው። የእጄን አንጓ ይዞ እየጎተተ ቤት ወሰደኝ፤ በመንገድም ቤትም አንዲት ቃል አልተናገረም። ከዚያ በኋላ እኔም ለዓመታት ከሚጠይቀኝ በላይ አልመለስኩለትም። ቁምጣዋ ከአልጋው ሥር ዳግመኛ አልወጣችም፣ ያ የሚስቀው ሰውዬም አብሯት ቀረ።

አባባ ወርዶፋ ላሞቹን ሸጡ፤ ካራ ወዲያ ዘመድ ጋ ተጠግተዋል ሲባል ሰማን፣ ቆይቶ ደግሞ መሞታቸውን ሰማን። ኢንቨስተሩን ግን አንድም ቀን ያየው የለም። ይህ ነው የሚያቃጥለኝ! ለልማት ተብሎ የታጠረው ሜዳ ለዓመታት ታጥሮ ባዶውን ኖረ፤ ቆርቆሮው ዛገ፣ ቄጤማው በየክረምቱ በቅሎ ለማንም ሳይጎዘጎዝ ደረቀ፣ ሩፋኤል ዘንቦ አባራ፣ እኛ በአጥሩ ሥር ባለው ቀጭን መንገድ ጭቃ እየረገጥን ትምህርት ቤት ተመላለስን፣ ሸመገልን ማለት ይቀለኛል። ሕንፃው የመጣው እኔ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው። ዛሬ መስታወት ነው፣ ምድር ቤቱ የመኪና ማቆሚያ ነው፣ ፎቁ ላይ ይከራያል የሚል ጨርቅ ተሰቅሎበታል።

ከምሳው በቀጥታ ወደ ቤት ሄድኩ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባዬ ከእኔ ጋር ነው የሚኖረው፣ ኮተቤ ኮንዶሚኒየም፤ ከሰዓት በኋላ በረንዳው ላይ ፀሐይ እየሞቀ ከታች የሚቆሙትን መኪናዎች ያያል። ቦርሳዬን እንኳ ሳላስቀምጥ ፊቱ ቆምኩና "አባዬ፣ ያን ዕለት ለምን ይቅርታ አልክ?" አልኩት። የትኛውን ዕለት ብሎ አልጠየቀኝም።

"ቤቱ የቀበሌ ነበር" አለ። "የማን ልጅ ናት ያለው ስሜን ሊጽፍ ነው። እናትሽን፣ እናንተን፣ የት አደርጋችኋለሁ?"

"ሜዳውስ?"

"ሜዳውማ የእኔ አልነበረም።"

"የማን ነበር ታዲያ? ዱላ ይዘህ ለምን ወጣህ?"

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገና "ተቆጪኝ" አለኝ። "መቆጣት የተከለከለው እዚያ ሜዳ ላይ ብቻ ነው። ተቆጪኝ፣ ልጄ።"

ተቆጣሁት። ያን ሁሉ ዘመን በሆዴ ይዤ የዞርኩትን፣ የዱላዬን፣ የአባባ ወርዶፋን፣ የዚያን ይቅርታውን፣ ከዚያ ወዲያ ዝም ያለኝን ዓመት ሁሉ፣ ጎረቤት በሩን ከፍቶ እስኪያየን ድረስ አንዱንም ሳላስቀር ተናገርኩት። ቅልጥሙን ስመታው ስቆ ነበር፤ ምቱም ሕመሙም እዚያው ሳሩ ላይ አልቆ ማታ አብረን በልተናል። አሁን ግን የምንስቅበት ቦታ አልነበረንም። ተናግሬ ስጨርስ አባቴ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ያለቅስ ነበር፤ እኔም ቦርሳዬን እንዳንጠለጠልኩ አጠገቡ ቆሜ ቀረሁ።